ጉሙ ያነበበው

ጋሽ ሙሄ ሰሌዳ የሚጽፍበት ቤት
ከሸዋ በር በላይ፣ ከወፍጮው ፊት ለፊት፤
ጋዝና ተልባ ዘይት
አፍንጫ የሚይዝ ከሰላምታው በፊት።
ግድግዳው የብሩሽ መጥረጊያ ነው፣
ተደራርቦ የደረቀ ቀለም፣ የአርባ ዓመት ክምር።

መጀመሪያ ቀኔ ብሩሽ አልሰጠኝም።
«ተሻገሪ» አለኝ፣ «አስፋልቱን ተሻገሪ፤
ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ
የሰፈሩን ሰሌዳ ከዳር ቁጠሪ።»
አሥራ አራት አልኩት።
«እስኪ አሁን ዙሪ።
ስንቱ አብሮሽ መጣ?»
ሁለት ብቻ።
«በይ ሂጅ፣ ሁለቱ ለምን እንደመጡ
እያሰብሽ እደሪ።»

በነጋታው ነገርኩት፦ አንዱ ነጭ በጥቁር፣
ሌላው ብቻውን ነው፤ ግራ ቀኙ ባዶ፣ ጎረቤት የሌለው።
ጢሙ ሥር ፈገግ አለ። ብሩሹን ሰጠኝ፣
ጠጉሩ የሳሳ፣
እጀታው በአውራ ጣቱ ልክ የጎደጎደ።

ማስተማር አይወድም፤ ሲሠራ ያወራል።
«ሚዛን እኩል ማለት ለሚመስለው ይብላኝ።
ባቲ ገበያ ወርደሽ ግመሏን እያት፤
በአንድ ጎኗ አሞሌ፣ በሌላው የሰሌን ክምር፣
አንዱ ጭብጥ ያህላል፣ አንዱ ጎጆ ያህላል፣
እሷ ግን አትዘምም።
ትንሽ ቀይ ጠብታ እንደ አሞሌው ናት፤
ሙሉ ሰማያዊ ቀጥ አድርጋ ትይዛለች።»
ሌላ ቀን ደግሞ፦ «ፊደል ትንፋሽ ይሻል፤
‹ስ›ና ‹ፌ›ን አጣብቀሽ ብታስተኚ
ሌሊቱን ሲገፋፉ ያድራሉ።»

አንድ ሐምሌ ጦይባ መጣች፣
ልብስ ሰፊዋ ጦይባ፤ ሱቅ ልትከፍት ነው።
«መቀስ ሣሉልኝ፣ መኪናም ከነፔዳሉ፣
ሙሽራ ከነሚዜዋ፣ ሱፍ የለበሰ ጎረምሳ፣
ስልኬን፣ የባሌን ስልክ፣
‹ቁልፍ እንተክላለን፣ ዚፕ እንቀይራለን›፣
ጥግ ላይ ጽጌረዳ፣
ከጽጌረዳው በታች ‹ኑ፣ አታፍሩም›።»
ጋሽ ሙሄ ወደ እኔ አየ። «ጻፊላት» አለ። ብቻ።

ጻፍኩላት።
ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከንፈሬን ነክሼ፣
ቆርቆሮው ላይ ጣት የሚያሳርፍ ቦታ እስኪጠፋ።
ጦይባ እልል አለች፤ እኔም ኮራሁ።
እሱ ግን ሱቋ ላይ ሲሰቅለው
ምስማሩን እስከ ግማሽ ብቻ መታ።
«ይቆይ» አለ፣ «የሚያየው አለ፤ ገና አልመጣም።»

አመሻሽ ላይ መጣ።
ጉሙ።
ከጦሳ ትከሻ ሸርተት ብሎ
የጣራውን ቆርቆሮ፣ የባጃጁን መብራት፣
የመስጊዱን ሚናራ አንድ በአንድ ላሰ።
ሙሽራዋ ቀድማ ሄደች፤ ሚዜዋ ተከተለቻት፤
ስልኮቹ፣ ጽጌረዳው፣ ኑ አታፍሩም፣
ሁሉም ግራጫ ገንፎ ሆነ።
ጦይባ ራሷ፣ ከገበያ ስትመለስ፣
የገዛ ሱቋን አልፋው ሄደች፤
ከወፍጮው ደጃፍ ስትደርስ ነው የነቃችው።

ማንም አልተናገረም።
ጨርቅ ጋዝ ውስጥ ነከርኩ።
አልቅሼ ይሆናል፤ ጋዙ ነው ብያለሁ።
ሙሽራዋን ከሚዜዋ፣ ባልየውን ከስልኩ ጠረግኩ።
ሌሊቱን በሰማያዊ መደብ አንዲት መርፌ አቆምኩ፣
ከቀዳዳዋ የወጣ ነጭ ክር
ቆርቆሮውን ሙሉ ተጉዞ
‹ስፌት› ሆኖ ቆመ፤
ከክሩ ጫፍ አንዲት ቀይ ቁልፍ።
ሌላው ሁሉ ሰማያዊ።

«ግማሹ ባዶ ነው!» አለች ጦይባ፣ «በሙሉ ሂሳብ?»
«ባዶውን ነው ያስከፈልኩሽ» አላት፣
«ፊደሉ ምርቃት ነው።»

ዘንድሮ ጉሙ ከጦሳ ብቻ አይደለም የሚወርደው፤
ጋሽ ሙሄ ዓይን ውስጥ ገብቷል።
ሐኪሙ ሞራ ይለዋል።
ብሩሽ አይዝም አሁን፤
ግን ሰሌዳ በጨረስኩ ቁጥር
ክንዱን ይዤ አስፋልቱን አሻግረዋለሁ፣
ወፍጮው ጋ አቆመዋለሁ።
አንዳንዴ «ምንም» ይለኛል፤
እኔም ጨርቄን ፍለጋ እገባለሁ።
ትናንት ግን ቆይቶ፣ ቆይቶ፣
በጣቱ አየር ላይ አንድ መስመር ጎተተ፣
ከግራ ወደ ቀኝ፣
መጨረሻው ላይ ቆመ።
«እዚህ ጋ» አለኝ፣ «ቀይ ናት?»